የትከሻ ሙያ

የገና ጨዋታ ኳስ ሩር ትባላለች፤ በአንድ እጅ ትጨበጣለች። የእንጨት ከሆነች ከወይራ ጉጥ ወይም ከሥር ትወጣለች። ጉጥ ላይ የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በዱላ ስትመታ ቶሎ አትሰነጠቅም። መጀመሪያ በመጥረቢያ ትቆረጣለች፤ ማዕዘኖቿ በቢላ ይጠረባሉ፤ መጨረሻ ላይ በጠርሙስ ስባሪ ትፋቃለች። የቆዳ ከሆነች እርጥብ ጠፍር በራሱ ላይ እየተሳበ ይጠቀለላል፤ ከላይ በቆዳ ይለበጥና በወስፌ ይሰፋል። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ የሠሪው እጅ ከሰጣት ጥብቀት ይልቅ ፀሐይ የምትጨምርላት ይበልጣል። የሁለቱም ፈተና አንድ ነው፤ ደልዳላ መሬት ላይ ማንከባለል። ወደ አንድ ጎን ካጋደለች የከበደ ወገን አላት ማለት ነው። ያኔ የእንጨቷ እንደገና ትፋቃለች፣ የቆዳዋ ስፌት ይፈታል።

ዱላው ከሩሯ የበለጠ ፍለጋ ይጠይቃል። ጫፉ መቆልመም አለበት። የሚመረጠው ዛፉ ላይ ሳለ የጎበጠ ቅርንጫፍ ነው፤ ጭረቱ ጉብጠቱን ተከትሎ ስለሚዞር መታጠፊያው ላይ አይሰበርም። እንዲህ ያለው ካልተገኘ ቀጥ ያለ እርጥብ እንጨት እሳት ላይ ተለብልቦ ይጎበጣል፤ እስኪደርቅም ታስሮ ይቆያል። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከወገብ አያልፍም። ከረዘመ ለሩጫ ያስቸግራል፤ ካጠረ ባለቤቱን ያጎብጣል። ተፍቆ ሲያልቅ ቅቤ ይቀባና ጭስ ባለበት ይሰቀላል። ጥሩ የገና ዱላ በመዳፍ ሲመዘን ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላል። ዱላው በራሱ ይወርዳል፤ እጅ አቅጣጫ ብቻ ይሰጠዋል።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ወረዳ ከተማ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ የገና ሰሞን ማሳው ታጭዶ ሜዳው ተከፍቷል። ከከተማዋ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ጨዋታው እንደ ሌላው የአማራ ደጋ ነው። ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ ቁጥራቸው አልተወሰነም፤ ሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር ይነዳሉ። ለቅልጥም መከላከያ የለም። ራስ ላይ የሚደፋ ነገርም የለም። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ዱላ ቢነካ እንኳ አይቆጣም ይባላል፤ ከልማድ የተሰጠው ጥበቃ ይኸው ነው።

የቀረው ጥበቃ ተጫዋቹ አካሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ባላጋራ ዱላውን ሲያነሳ ጀማሪ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሽሽቱ ጉልበት ሁሉ ወደተጠራቀመበት ወደ ዱላው ጫፍ ይወስደዋል። የለመደ ሰው ግን ወደ ፊት ይገባል። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ ባላጋራው እጅ ይጠጋል፤ እዚያ ዱላው ገና ኃይል አላገኘም። ራሱን ደግሞ ከባላጋራው ክንድ ውጭ፣ በጎን ያኖራል። የሚሆነው በአንድ እርምጃ ውስጥ ነው፤ ዓይን ካልለመደ ያልፈዋል። ይህን አተኩሮ ያየ ሰው ራግቢን ለማየት ዓይኑ ተዘጋጅቷል።

የምጽፈው ስለ ራግቢና ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። ሁለቱን ያገናኘኋቸው ራግቢ መጫወት ለአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ምን ይጠቅመዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ስለሚመለስ ነው። ሩጫውን ያሻሽላል፣ ትንፋሽ ይሰጣል ይባላል። እውነት ነው። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ይመስለኛል። ራግቢ ለፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠው አንድ ጊዜ የራሱ የነበረውን፣ በኋላ ከትጥቁ ሥር የጠፋበትን የትከሻ ሙያ ነው።

ዝምድናቸው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1874 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ወደ ሃርቫርድ መጥተው አንዱን ቀን በሃርቫርድ ሕግ፣ ሌላውን በራግቢ ሕግ ተጫወቱ። ሃርቫርዶች የእንግዶቹን ሕግ ወደዱት። በ1876 ሌሎቹ ታላላቅ ኮሌጆችም ራግቢን መሠረት ያደረገ ሕግ ያዙ። ዋልተር ካምፕ በ1880 ኳሱ ከአንድ ወገን እጅ በሥርዓት የሚነሳበትን መስመር አስገባ፤ የተጫዋቾቹም ቁጥር 11 ሆነ። በ1882 ደግሞ በሦስት ሙከራ 5 ያርድ ያልገፋ ቡድን ኳሱን እንዲለቅ ተደነገገ። ልጁ ከአባቱ ቤት የወጣው ያኔ ነው።

የሁለቱን ኳሶች ጎን ለጎን መያዝ ብዙ ያስተምራል። የራግቢ ኳስ ርዝመቱ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የሆዱ ዙሪያ ከ58 እስከ 62 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 460 ግራም ነው። የአሜሪካው ርዝመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የሆዱ ዙሪያ ከ53 እስከ 54፣ ክብደቱ ከ400 እስከ 425 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ ሆዱ ላይ ነው። ቀጭኑ ኳስ ለአንድ እጅ ተሠርቷል። ጣቶች ማሰሪያው ላይ ያርፋሉ፤ ኳሱ እየተሽከረከረ ወደ ፊት ይወረወራል። ወፍራሙ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ከደረት ፊት ይያዛል፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ለጓድ ይሰጣል።

የአሜሪካው ኳስ አሠራር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለዋናው የአሜሪካ ሊግ የሚቀርበውን ዊልሰን የተባለው ድርጅት ከ1955 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ ኤዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራዋል። ቆዳው የላም ነው፤ ቺካጎ ካለው ከሆርዊን ቆዳ ፋብሪካ ይመጣል። አራት ቁራጮች ውስጣቸው ወደ ውጭ ሆኖ ይሰፋሉ። ከዚያ ሠራተኛው ያን ጠንካራ ቆዳ በጠባቧ ቀዳዳ በኩል በጉልበቱ ወደ ቀኙ ይገለብጠዋል። ላስቲኩ ይገባል፤ ማሰሪያው በእጅ ይጠለፋል። ለሩር ሠሪ ይህ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቆዳ፣ ስፌትና የእጅ ጉልበት ነው።

በሁለት እጅ መያዝ የሚጠቅመው ለቅብብል ብቻ አይደለም። ኳስ ያዡ በሁለት እጁ ከደረቱ ፊት ከያዘ ሊያቀብል ይሁን ሊሮጥ ተከላካዩ አያውቅም። ባለማወቁ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። የአሜሪካ ፉትቦል ሯጭ ኳሱን በክንዱና በጎድኑ መካከል ይቆልፈዋል፤ አንዱ ጫፍ በጣቶቹ ይሸፈናል፣ ሌላው ብብቱ ሥር ይገባል። ይህም የጠራ አያያዝ ነው፤ ኳሱን ለማስጣል ያስቸግራል። ግን ሐሳቡን ይናገራል። ራግቢ የተጫወተ ሯጭ ሁለቱንም ያውቃል፤ ክፍት ሜዳ ላይ በሁለት እጁ ይዞ ያጠራጥራል፣ ሰው ሲጠጋው ይቆልፋል።

አሁን ወደ ትከሻው እንምጣ።

ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መጣል በሁለቱም ጨዋታ ታክል ይባላል። በራግቢ ሕጉ ጠባብ ነው። ከትከሻ መስመር በላይ መያዝ ክልክል ነው። ክንድ ሳያቅፉ በትከሻ ብቻ መግጨትም ክልክል ነው። ኳስ ያልያዘን ሰው ይዞ መጣል አይቻልም። የራስ መከላከያ ከተደረገም ስስ ስፖንጅ ነው፤ ብዙዎቹ እሱንም አያደርጉም። እንግዲህ አንድ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው እየሮጠ ሲመጣ ባዶ ራስ የያዘ ተከላካይ ምን ያደርጋል?

ከእግር ይጀምራል። ሩቅ ሳለ በረጅም እርምጃ ይሮጣል፤ ሲቀርብ እርምጃውን ያሳጥራል። አጭር እርምጃ አቅጣጫ ለመለወጥ ይመቻል። የመጨረሻዋ እርምጃ ከሁሉ ትበልጣለች። በቀኝ ትከሻው የሚይዝ ከሆነ ቀኝ እግሩን ከኳስ ያዡ እግር አጠገብ ይተክላል፤ በግራ ከሆነ ግራውን። እግሩን ከሩቅ የተከለ ተከላካይ ይዘረጋል፤ የተዘረጋ አካል ጉልበት የለውም። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ከሁሉ በላይ እዚህ ነው። ክንዳቸው ደካማ ይመስላቸዋል፤ የጎደለው ግን አንዲት ስንዝር የእግር መጠጋት ነው።

ቀጥሎ ቁመት ነው። ጉልበቱና ዳሌው ይታጠፋሉ እንጂ ጀርባው አይጎብጥም። ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ አገጩ ከደረቱ ይርቃል። ራሱን ያቀረቀረ ሰው የሚገጨውን አያይም፤ አንገቱም ቀጥ ብሎ እንደ እንጨት ኃይሉን ሁሉ ይቀበላል። ትከሻው ከኳስ ያዡ ጭን በላይ፣ ከጎድኑ በታች ያርፋል። ራሱ በጎን ይሆናል። ሯጩ በጎን የሚያልፍ ከሆነ የተከላካዩ ራስ ከሯጩ ኋላ እንጂ ከፊቱ አይቀመጥም፤ ጉንጩ የሯጩን ዳሌ ይነካል። ራሱን ከፊት ያስቀደመ ሰው ጉልበት ይመታዋል። ይህ ቁም ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ በሩጫ ላይ ለማድረግ ዓመታት ይወስዳል።

ከዚያ ክንድ ይመጣል። ትከሻው ከነካ በኋላ ሁለቱ ክንዶች ዞረው ይገናኛሉ፤ አጫጅ ነዶውን አቅፎ ወደ ሆዱ እንደሚያጠብቀው ተከላካዩም የሯጩን ጭኖች ወደ ራሱ ይሰበስባል። ጭኖቹ ሲገጣጠሙ ሩጫው ያልቃል። መጨረሻው የእግር ግፊት ነው። ከነካ በኋላ እግሩ አይቆምም፤ በአጫጭር እርምጃ ይገፋል። ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ፤ ተከላካዩ ከላይ ይሆናል። የራግቢ ሕግ የወደቀው ሰው ኳሱን ቶሎ እንዲለቅ ያዛል፤ ተከላካዩም ለቆት እንዲነሳ ያዛል። ስለዚህ ሥራው ሰውዬው ሲወድቅ አያበቃም። ተነስቶ ለኳሱ ሲሻማ አምስት ሴኮንድ አይሞላም።

ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ቢጎድል ራስ ይጎዳል። ራግቢ ተጫዋቹን ልክ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስህተቱን ወዲያው ያሳየዋል።

የአሜሪካ ፉትቦልም በመጀመሪያው ዘመን እንዲሁ ነበር። ተጫዋቹ ባዶ ራሱን ወይም ስስ የቆዳ ቆብ አድርጎ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ጨዋታው ወጣቶችን በመግደሉ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሀውስ ጠርተው መከሩ። በተከታዩ ዓመት ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ስታንፎርድና በርክሌይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ፉትቦልን ትተው ለዓመታት ራግቢ ተጫወቱ። የዚያ ፍሬ በኦሊምፒክ ታየ። በ1920 አንትወርፕ ላይ አሜሪካ ፈረንሳይን 8 ለ 0 አሸነፈች። በግንቦት 1924 ፓሪስ አጠገብ ኮሎምብ በተባለው ስታዲየም እንደገና 17 ለ 3 አሸነፈች። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከካሊፎርኒያ ኮሌጆች የመጡ፣ በአሜሪካ ፉትቦል ያደጉ ነበሩ። ፈረንሳዮች በኳስ አያያዝ አላነሱም። አሜሪካውያኑ የበለጧቸው ይዞ በመጣል ነው። ትከሻቸው ገና በሄልሜት አልተተካም ነበር።

ለውጡ የመጣው በኋላ ነው። የፕላስቲክ ሄልሜት በ1939 ገበያ ገባ። ዋናው የአሜሪካ ሊግ በ1943 ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። መከላከያው የራስ ቅልን ከመሰንጠቅ አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በዚያው ልክ ራስን መሣሪያ አደረገው። ተከላካዩ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ጠንካራ ቅርፊት ካጠለቀ በኋላ ራሱን በጎን ማኖር፣ እግሩን መጠጋት፣ ክንዱን ማዞር ትርፍ ሥራ መሰለው። ቀጥ ብሎ በራሱ ገባ። አንገት ተሰበረ። በ1976 በራስ ቀድሞ መግጨት በኮሌጅና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ የአንገት ስብራቱ ቀነሰ። ሕጉ ክፉውን ከለከለ፤ መልካሙን የሚያስተምር ግን ሌላ ቦታ ነበር።

የትከሻው ሙያ ተመልሶ ሊገኝ እንደሚችል የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች ልጥቀስ። በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ስዋርትዝና ባልደረቦቹ 50 የፉትቦል ተጫዋቾችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን በልምምድ ሰዓት ለአጭር ጊዜ ሄልሜቱን አውልቆ የመያዝ ልምምድ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት፣ በአንድ የውድድር ዘመን መጨረሻ የዚያ ወገን የራስ ግጭት በ28 በመቶ ቀንሷል። ለጨዋታው ሄልሜታቸውን መልሰው አድርገዋል፤ አካላቸው ግን ባዶ ራስ ሳሉ የተማረውን አልረሳም።

ሁለተኛው ከሲያትል ነው። ሲሃውክስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ዴንቨርን 43 ለ 8 አሸንፎ የሊጉን ዋንጫ ከወሰደ በኋላ፣ አሠልጣኙ ፒት ካሮልና ረዳቱ ሮኪ ሴቶ የቡድኑን የአያያዝ ዘዴ የሚያስተምር ቪዲዮ አወጡ። ዘዴው ከራግቢ የተወሰደ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ራስ በጎን፣ ትከሻ ጭን ላይ፣ ክንድ ዙሪያ፣ እግር ሳይቆም። በዚያ ዘመን ከሁሉ የበረታ መከላከያ የነበረው ቡድን ትምህርቱን ከጥንቱ ጨዋታ መውሰዱን መናገሩ ሙያን ከሚያከብር ሰው የሚጠበቅ ነው።

ራግቢ ሌላም ይሰጣል፤ በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሦስት ሰዓት ቢፈጅም ኳሱ በትክክል የሚንቀሳቀሰው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከባዱ የመስመር ተጫዋች ኳስ በእጁ ሳይነካ የውድድር ዘመኑን ሊፈጽም ይችላል። በራግቢ ግን በ80 ደቂቃው ጨዋታ ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ያቀብላል፣ ሁሉም ይጥላል። የከባዱ ሰው እግር ይፈታል፤ እጁም ይለሰልሳል።

ጆርዳን ማይላታ ለዚህ ምስክር ነው። አውስትራሊያዊ ነው፤ ያደገው በራግቢ ሊግ፣ በራግቢው ወንድም ጨዋታ ነው። ፊላደልፊያ ኢግልስ እ.ኤ.አ. በ2018 በ233ኛ ተራ ሲመርጠው የአሜሪካ ፉትቦል አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ሲያፈገፍግ እግሮቹን ተመልከቱ፤ አይጠላለፉም፣ ከመሬት ብዙም አይነሱም፣ ወገቡም ከፍ ዝቅ አይልም። ቡድኑ በየካቲት 2025 የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ የመስመሩን የግራ ጫፍ የያዘው እሱ ነበር። ኔት ኤብነር ደግሞ በሁለቱም ቤት ኖሯል። በ2012 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የመረጠው በወጣትነቱ ለአሜሪካ የራግቢ ቡድን የተጫወተ ልጅ ነበር። በ2016 ከቡድኑ ፈቃድ ወስዶ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ራግቢ ተጫወተ። ከፓትሪየትስ ጋር ሦስት ዋንጫ በልቷል። ዋናው ሥራው ኳሱ ከተለጋ በኋላ ሰፊ ሜዳ ላይ ሮጦ መያዝ ነበር፤ ለራግቢ ልጅ ከዚህ የቀረበ ሥራ በዚያ ጨዋታ የለም።

የማይገጥምም አለ። ራግቢ ውስጥ ተከላካይ ሯጩን አንድ ሜትር አሳልፎ ቢጥለው ብዙ አይጎዳም። በአሜሪካ ፉትቦል ዛሬ በአራት ሙከራ መገፋት ያለበት 10 ያርድ የሚቆጠረው በእጅ ስፋት ነው፤ ያቺ አንድ ሜትር አራት አዲስ ሙከራ ልትሰጥ ትችላለች። ስለዚህ ከራግቢ የመጣ ተከላካይ ጠባብ ቦታ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ደረቱን አስቀድሞ ማቆምን መማር አለበት። ኳስ ያልያዘ ሰው መንገዱን ሊዘጋ እየመጣ እንደሚገጨውም መልመድ አለበት፤ በራግቢ ያ አልነበረበትም። ወደ ፊት የተወረወረ ኳስን እየሮጡ ወደ ኋላ ዞሮ መከታተል ደግሞ ራግቢ ጨርሶ የማያስተምረው ሙያ ነው።

የትከሻውን ሙያ ማስተማር ሣር ሜዳና ጥንድ ሰው ብቻ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሁለቱም ይንበረከካሉ። አንዱ በጉልበቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሌላው ትከሻውን ያስገባል፣ ራሱን በጎን ያኖራል፣ ክንዱን ያዞራል፣ ቀስ ብሎ ይጥለዋል። እግር እዚህ ገና አልገባም። ቀጥሎ የሚይዘው ከተንበረከከበት አንድ እግሩን አንስቶ ይተክላል፤ የመጠጋት ትምህርት ከዚህ ይጀምራል። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ፣ ከዚያ እየተራመደ፣ ከዚያ በቀስታ ሩጫ። በየደረጃው ቀኝና ግራ ትከሻ እኩል ይሠራሉ። አብዛኛው ሰው የሚወደው ትከሻ አንድ ነው፤ ሯጩ ወደማይወደው ሲመጣ ራሱን በስህተት ከፊት ያስቀድማል። ጥሩ አሠልጣኝ ደካማውን ትከሻ ቀድሞ ያሠራል። በሙሉ ሩጫ መያዝ የሚፈቀደው ጉንጩ በሁለቱም ወገን ያለ ስህተት ዳሌውን ሲያገኝ ነው፤ ሄልሜቱም የሚደረገው ከዚያ ወዲያ ነው።